ኢንሱሊንና የአረጋውያን ሴቶች የማስታወስ ችሎታ፤ የጥናቶቹ ትርጉም ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በብዙ ቤተ ሰብ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ስም ሲዘነጉ፣ ጥደው የተዉትን ድስት ሲረሱ፣ ትናንት የተነገራቸውን ዛሬ እንደ አዲስ ሲጠይቁ ይታያል። ዘመድና ጎረቤትም ነገሩን «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። አባባሉ በከፊል እውነትነት አለው፤ የማስታወስ ፍጥነት ከዕድሜ ጋር መቀነሱ የተፈጥሮ ሂደት ነውና። ይሁን እንጂ አንዲት ሴት በ80 ዓመቷ የቤቷን ሒሳብ በቃሏ ስትይዝ ሌላዋ ገና በ70 ዓመቷ የሰፈሯን መንገድ የምትስትበት ምክንያት በዕድሜ ብቻ ሊገለጽ አይችልም። በመሆኑም ተመራማሪዎች፣ ችግሩ በግልጽ ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ በሰውነት ውስጥ የሚካሄዱትን ለውጦች መመርመር ይዘዋል። ከተመረመሩት ነገሮች አንዱ በደም ውስጥ የሚገኘው የኢንሱሊን መጠን ነው።

ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በሁለት ምክንያቶች የትምህርት ባለሙያዎችንም ይመለከታል። አንደኛ፣ ትምህርት ራሱ የአእምሮን ጤንነት ለእርጅና ዘመን ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛ፣ የሳይንስ ግኝት ወደ ሕዝብ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ መምህሩ ነው፤ ግኝቱ ተዛብቶ ከተነገረ ደግሞ ጉዳት ያስከትላል። ለምሳሌ «ኢንሱሊን ሲበዛ አንጎልን ይጎዳል» የሚለውን ቃል ብቻ የሰማች፣ በሐኪም ትእዛዝ ኢንሱሊን የምትወጋ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ብታቋርጥ ሕይወቷን እስከ ማጣት ልትደርስ ትችላለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ኢንሱሊንና ስለ አረጋውያን ሴቶች የማስታወስ ችሎታ እስከ ዛሬ የተደረሰበትን ባጭሩ ማስረዳት፣ ውጤቱም እንዴት መነበብ እንዳለበትና በትምህርት ሥራ ላይ ምን ትርጉም እንዳለው ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ኢንሱሊን ምንድን ነው?

ኢንሱሊን ከጨጓራ በስተ ኋላ በሚገኘው ቆሽት ውስጥ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ሰው እህል በበላ ጊዜ ምግቡ ተፈጭቶ፣ ከፊሉ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ቆሽትም ይህን ሲያውቅ ኢንሱሊንን ወደ ደም ይለቃል። ኢንሱሊን በሕዋሳት ግድግዳ ላይ ከሚገኙት ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ፣ የጡንቻና የስብ ሕዋሳት ግሉኮሱን እንዲያስገቡ፣ ጉበትም ስኳር ማውጣቱን ትቶ እንዲያከማች ያዛል። ስለዚህ ኢንሱሊን የስኳርን ገበያ እንደሚቆጣጠር ተቆጣጣሪ ሊቆጠር ይችላል።

ይህን ሆርሞን በ1921 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ለይተው ያወጡት ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ናቸው። ሥራው የተካሄደው በፕሮፌሰር ጆን ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ንጥረ ነገሩን በማጥራት ረድቷል። በጥር ወር 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዚያ በፊት በልጅነታቸው በስኳር በሽታ የሚያዙ ሁሉ ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። ባንቲንግና ማክሊዮድም በ1923 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

በደም ውስጥ ያለውን እጅግ ጥቂት የኢንሱሊን መጠን በትክክል መለካት የተቻለው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሮዛሊን ያሎና ሰሎሞን በርሰን በኒውዮርክ ባካሄዱት ሥራ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገርን በመጠቀም የመለኪያውን ዘዴ አገኙ። ያሎ በ1977 ለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች፤ በርሰን ግን ቀደም ብሎ በ1972 ሞቶ ስለ ነበር ክብሩን ሊካፈል አልቻለም። ዛሬ ስለ ኢንሱሊን መጠንና ስለ አእምሮ የሚነገረው ሁሉ በዚህ ዓይነት ልኬት ላይ የተመሠረተ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። ቆሽት ኢንሱሊንን የሚሠራው በመጀመሪያ ረዘም ባለ ሰንሰለት መልክ ነው። ከዚያም ሰንሰለቱ ተቆርጦ ሁለት ነገሮች እኩል ለእኩል ይወጣሉ፤ አንደኛው ኢንሱሊን፣ ሁለተኛው ሲ-ፔፕታይድ የሚባለው ቁራጭ ነው። ኢንሱሊን ከደም ውስጥ ቶሎ ሲጠፋ ሲ-ፔፕታይድ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከዚህም የተነሣ ተመራማሪዎች የአንድ ሰው ቆሽት ምን ያህል ኢንሱሊን እያመነጨ እንደ ሆነ ለማወቅ ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ ሲ-ፔፕታይዱን ይለካሉ።

3. ኢንሱሊን ለምን ይበዛል?

የኢንሱሊን መብዛት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሕዋሳት ለትእዛዙ መልስ መስጠት ሲያዳግታቸው ነው። ይህም የኢንሱሊን ተቋቋሚነት ይባላል። ነገሩን በክፍል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ተማሪዎች የመምህሩን ድምፅ መስማት ሲሳናቸው መምህሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እንደዚሁም ሕዋሳት ለኢንሱሊን ሲደነዝዙ ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። በዚህ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ገና ደኅና ሊሆን ይችላል፤ የስኳር ምርመራ ያደረገች ሴትም «ጤነኛ ነሽ» ተብላ ትመለሳለች። ከውስጥ ግን ቆሽቷ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ለዓመታት ከደከመ በኋላ ማሸነፍ ሲያቅተው ስኳሩ ይወጣል፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታም የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ለኢንሱሊን ተቋቋሚነት ከሚያጋልጡት ነገሮች ዋነኞቹ በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ማነስ፣ የዕድሜ መግፋትና የዘር ውርስ ናቸው። በሴቶች በኩል ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የወር አበባ መቋረጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቀድሞ በዳሌና በጭን የነበረው ስብ ወደ ሆድ አካባቢ ማዘንበል ይጀምራል። ሁለተኛው በእርግዝና ጊዜ የሚታይ የስኳር በሽታ ነው። ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላ ቢጠፋም፣ ያጋጠማት ሴት በኋላ ዘመኗ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከሌሎች ይበልጥ የተጋለጠች ናት። በሌላ አነጋገር በ60 እና በ70 ዓመት የሚታየው ነገር በ30 እና በ50 ዓመት ምልክት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው።

4. ኢንሱሊንና አንጎል

የሰው አንጎል ከጠቅላላው የሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኃይል 20 ከመቶ ያህሉን ይጠቀማል። ዋነኛው ማገዶውም ግሉኮስ ነው። የአንጎል ሕዋሳት ግሉኮስን ለማስገባት እንደ ጡንቻ የኢንሱሊን ትእዛዝ ስለማይጠብቁ፣ ለረጅም ዘመን ኢንሱሊንና አንጎል አይገናኙም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህ አሳብ የተናወጠው በ1978 በአይጦች አንጎል ውስጥ የኢንሱሊን ተቀባዮች መኖራቸው በታወቀ ጊዜ ነው። ከተቀባዮቹ ውስጥ ብዙዎቹ የሚገኙት ለትውስታ አስፈላጊ በሆነው፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ጭምር መሆኑም ተደረሰበት።

የኢንሱሊን መዛባት አንጎልን የሚነካባቸው መንገዶች ናቸው ተብለው የሚጠቀሱት በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

ሀ/ በደም ሥሮች በኩል፦ የኢንሱሊን ተቋቋሚነት ብዙ ጊዜ ከደም ግፊትና ከደም ስብ መዛባት ጋር አብሮ ይገኛል። እነዚህ ተባብረው የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳሉ።

ለ/ በኢንሱሊን ምልክት መዳከም በኩል፦ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ወደ አንጎል የሚያልፈው መጠን ሊቀንስ ይችላል። ይህም ማለት ደም ኢንሱሊን ሲጠግብ አንጎል ሊራብ ይችላል ማለት ነው።

ሐ/ በቆሻሻ ማስወገድ በኩል፦ በአልዛይመር በሽታ በተያዙ ሰዎች አንጎል ውስጥ ቤታ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ይከማቻል። ይህን ፕሮቲን ከሚሰባብሩት ኤንዛይሞች አንዱ ኢንሱሊንንም የሚሰባብር ነው። አንድ ወፍጮ ሁለት ዓይነት እህል ይፈጭ እንደ ማለት ነው፤ ኢንሱሊኑ ሲበዛ ወፍጮው በእርሱ ተይዞ ሌላው ሳይፈጭ ይከማቻል የሚል አስተያየት ከዚህ ተነሥቷል።

ከነዚህ መንገዶች የመጀመሪያው በሰፊው የተረጋገጠ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በቤተ ሙከራ ማስረጃ የተደገፉ፣ በሰው ላይ ያላቸው ድርሻ ግን ገና በመመርመር ላይ ያለ ነው።

5. የነርሶቹ ጥናት

በዚህ ርእስ ላይ ጠቃሚ ማስረጃ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ አገር በ1976 የተጀመረው የነርሶች ጤና ጥናት ነው። በ11 ክፍላተ ሀገር ይኖሩ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 55 ዓመት የሆነ 121,700 ያህል ሴት ነርሶች በፖስታ ለተላከላቸው መጠይቅ መልስ ሰጡ። ከዚያም ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ስለ ጤንነታቸውና ስለ አኗኗራቸው ተጠየቁ። በ1989 እና በ1990 ከእነርሱ መካከል ከ32,000 የሚበልጡት የደም ናሙና ላኩ፤ ናሙናውም ቀዝቅዞ ተቀመጠ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ 70 ዓመት የሞላቸው በስልክ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ይሰጣቸው ጀመር።

ፈተናው ለመምህራን እንግዳ አይደለም። 10 ቃላት ይነበቡላቸውና ጥቂት ቆይተው እንዲደግሙ ይጠየቃሉ፤ አጭር ታሪክ ሰምተው መልሰው ይናገራሉ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቋቸውን እንስሳት ሁሉ ይዘረዝራሉ፤ የተነገራቸውን ቁጥሮች ከኋላ ወደ ፊት ይደግማሉ።

ከዚህ ጥናት የተገኙት ሦስት ውጤቶች በተለይ መጠቀስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው በ2004 የታተመው ነው። ከ70 እስከ 81 ዓመት የሆናቸው 18,999 ሴቶች ተፈትነው፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ውጤት አገኙ። በሽታው ከያዛቸው ብዙ ዓመት የሆናቸው ደግሞ ይበልጥ ዝቅ አሉ። በአንጻሩ ስኳር የሚያወርድ እንክብል ይወስዱ የነበሩት በሽታው ከሌለባቸው ጋር የተቀራረበ ውጤት ሲያገኙ፣ ምንም መድኃኒት የማይወስዱት ከሁሉ የባሰ ውጤት ነበራቸው።

ሁለተኛው በ2005 ታተመ። ዕድሜያቸው ከ61 እስከ 69 ሳለ ደም የሰጡ፣ የስኳር በሽታ ያልነበረባቸው 718 ሴቶች ከ10 ዓመት ያህል በኋላ ተፈተኑ። ሴቶቹ እንደ ሲ-ፔፕታይድ መጠናቸው በአራት እኩል ክፍል ሲመደቡ፣ ከፍተኛው መጠን ባለበት ክፍል ያሉት ዝቅተኛው መጠን ካለበት ክፍል ጋር ሲነጻጸሩ በአጠቃላዩ ፈተና ደካማ ውጤት የማግኘት ዕድላቸው ወደ 3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው በ2008 ወጣ። የስኳር በሽታ በሌለባቸው 1,416 ሴቶች ላይ ተካሂዶ፣ በጾም ሆድ የተለካው ኢንሱሊን ከፍ ያለባቸው ሴቶች ከዓመት ዓመት የማስታወስ ችሎታቸው ይበልጥ ፈጥኖ መቀነሱን አመለከተ።

ከእነዚህ ውጤቶች ጎልቶ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። የአእምሮ መዳከም ምልክት የተገኘው በበሽተኞች ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ጤነኛ ተብለው በተቆጠሩት፣ ስኳራቸው ገና ባልወጣው ሴቶች ላይም ነው። ምልክቱም የተገኘው ችግሩ ከመታየቱ ዓመታት አስቀድሞ በተቀዳ ደም ውስጥ ነው።

6. ውጤቱ እንዴት ይነበብ?

አንድ መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ወይም ለጎልማሶች ሲያስረዳ አራት ነጥቦችን ሊጠነቀቅባቸው ይገባል።

አንደኛ፦ አብሮ መገኘት ምክንያት መሆን አይደለም። ኢንሱሊናቸው ከፍ ያለባቸው ሴቶች ክብደታቸውም ከፍ ሊል፣ እንቅስቃሴያቸውም ሊያንስ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ዕድሜን፣ ትምህርትንና የመሳሰሉትን ነገሮች በስሌት ለማስተካከል ሞክረዋል። ይሁን እንጂ በስሌት ሊደረስበት ያልቻለ ነገር ሁልጊዜ ሊቀር ይችላል። የነርሶቹ ጥናት አንድ ጥንካሬ ሁሉም በአንድ ሙያ የሠለጠኑ በመሆናቸው የትምህርት ልዩነታቸው ጠባብ መሆኑ ነው። ድክመቱ ደግሞ አብዛኞቹ ነጭ አሜሪካውያን በመሆናቸው ውጤቱን ሳይመረምሩ ለሌላ ሕዝብ ማዋል አለመቻሉ ነው።

ሁለተኛ፦ «3 እጥፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ጎዶሎ ነው። የምን 3 እጥፍ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ከ100 ሴቶች 3ቱ ደካማ ውጤት የሚያገኙበት ክፍል ቢኖርና በሌላው ክፍል ዕድሉ 3 እጥፍ ቢሆን፣ ቁጥሩ ወደ 9 ይጠጋል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም ከ100ው 91 ያህሉ ኢንሱሊናቸው ከፍ እያለም ደኅና ውጤት አግኝተዋል ማለት ነው። እንግዲህ ከፍ ያለ ኢንሱሊን ማለት የተቈረጠ ዕጣ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፦ ሕክምናው ገና አልተገኘም። ስኳርን በኃይለኛ መድኃኒት ዝቅ ማድረግ አእምሮን ያድን እንደ ሆነ በአሜሪካና በካናዳ ወደ 3,000 በሚጠጉ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ነበር። በ2011 በታተመው ውጤት፣ ጥብቅ ቁጥጥር የተደረገላቸው ሰዎች የማስታወስ ውጤት ከሌሎቹ አልተሻለም። ኢንሱሊንን በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ለማድረስ የተደረጉ አነስተኛ ሙከራዎች ተስፋ ቢሰጡም፣ በ2020 የታተመው ሰፋ ያለ ሙከራ ጥቅሙን ሊያረጋግጥ አልቻለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ለብዙ ዓመታት ሲደርስ የቈየን ጉዳት በመጨረሻው ሰዓት መመለስ አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

አራተኛ፦ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ቆሽት ለዓመታት በገዛ እጁ የሚያበዛው ኢንሱሊንና ሐኪም ለሕመምተኛ የሚያዘው ኢንሱሊን የተለያየ ትርጉም አላቸው። የመጀመሪያው የሕዋሳት መደንዘዝ ምልክት ነው፤ ሁለተኛው የጎደለውን የሚሞላ መድኃኒት ነው። በ2004 በታተመው ጥናት ከሁሉ የባሰ ውጤት ያገኙት መድኃኒት የማይወስዱት መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለ ሐኪም ምክር መጠኑን መቀነስም ሆነ መርፌውን ማቋረጥ የለበትም። በጾም ወራት የምግብ ሰዓታቸው የሚለወጥ ሕመምተኞችም አስቀድመው ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል። መምህር ስለ ኢንሱሊን ባስተማረ ቁጥር ይህን ሳይናገር ከክፍል መውጣት የለበትም።

7. የትምህርት ድርሻ

በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰየመ የሊቃውንት ጉባኤ የመርሳት በሽታን የሚያባብሱ፣ ሊለወጡ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። በእነዚህ ሁሉ ላይ ሥራ ቢሠራ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 ከመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ሲል ገምቷል። ከ14ቱ መካከል የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የእንቅስቃሴ ማነስ ይገኛሉ። በዕድሜ ቅደም ተከተል ከሁሉ ቀድሞ የተቀመጠው ግን በልጅነት ትምህርት አለማግኘት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ የአእምሮ ስንቅ የሚል ነው። በንባብ፣ በስሌትና በውይይት የሠለጠነ አንጎል ብዙ የመተላለፊያ መንገድ ይከፍታል፤ በእርጅና ጊዜ አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ የምታጣው የሥራ ዕድል ብቻ አይደለም። ለ70 ዓመቷ የሚሆናትን ስንቅም ታጣለች። ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ፣ ጉዳቱን ለብዙ ዓመታት የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ፊደል የቈጠሩ ብዙ እናቶች ነበሩ። ዘመቻው በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ያን ጊዜ በ20ዎቹ ዕድሜ የነበሩት ሴቶች ዛሬ 60 ዓመት አልፈዋል፤ ስለ ኢንሱሊንና ስለ ማስታወስ የሚነገረው ነገር በቀጥታ የሚመለከተው እነርሱን ነው። ከነርሶቹ በተለየ፣ በእኩዮቻቸው መካከል ያለው የትምህርት ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። በመሆኑም በሌላ አገር የተዘጋጀ የማስታወስ ፈተና ሳይስተካከል ቢሰጣቸው የሚለካው የአእምሮ ጤንነት ሳይሆን ትምህርት ቤት መግባት አለመግባት ሊሆን ይችላል። ቁጥርን ከኋላ ወደ ፊት መድገም ትምህርት ቤት የሚያለማምደው ችሎታ ነው፤ ይህን ያልቻለች ባላገር እናት የቤቷን ከብት፣ የዘመዷን የትውልድ ሐረግና የዕድሯን ተራ አንድ ሳታስቀር ልትቈጥር ትችላለች። ፈተናን ማዘጋጀትና ማስተካከል የሚያውቁ የትምህርት ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ከሐኪሞች ጋር ሊሠሩ የሚገባቸው ብዙ ነገር አለ።

የአኗኗር ለውጥ የሚያስከትለውንም በቅርብ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በ1984 እና በ1991 በሰፊ ዘመቻ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ከገቡ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በመካከላቸው የስኳር በሽታ በፍጥነት መጨመሩን በዚያ ያሉ ሐኪሞች አስተውለዋል። የእግር መንገድ ሲያጥር፣ ጣፋጭና የተፈተገ ምግብ ሲበዛ፣ የሰዎቹ ዘር ሳይለወጥ በሽታው ሊለወጥ ችሏል። በአገር ቤትም ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባ ቤተ ሰብ ተመሳሳይ ለውጥ ያጋጥመዋል።

8. ለክፍልና ለዕቅድ የሚሆኑ አሳቦች

ሀ/ በሥነ ሕይወት ትምህርት፦ ኢንሱሊን «ስኳርን የሚቀንስ ሆርሞን» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሚታለፍ፣ የሕዋሳት መደንዘዝ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ስኳሩ ከመውጣቱ በፊት ኢንሱሊኑ እንደሚበዛ ቢብራራ፣ ተማሪው በሽታ ከመታወቁ በፊት የሚጀምር መሆኑን ይረዳል።

ለ/ በሒሳብ ትምህርት፦ «3 እጥፍ» እና «ከመቶ ስንት» የሚሉትን አነጋገሮች ማነጻጸር ለላይኛዎቹ ክፍሎች ጥሩ መልመጃ ነው። ጋዜጣና ሬዲዮ የሚያወሩትን የጤና ቁጥር መርምሮ የሚቀበል ዜጋ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ሐ/ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት፦ የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ግሉኮስን ማስገባት ይችላል። ይህ አንድ እውነት ብቻ ልጃገረዶች ከሩጫና ከጨዋታ እንዳይቀሩ በቂ ምክንያት ይሆናል። በውሃ ቀጂነትና በቤት ሥራ ደክማ የምትመጣ ልጅ ግን የጎደላት እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍትና የማጥኛ ጊዜ መሆኑን መምህሩ ለይቶ ማየት አለበት።

መ/ በጎልማሶች ትምህርት፦ በፊንላንድ አገር ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸው 1,260 ሰዎች የተሳተፉበት የ2 ዓመት ሙከራ በ2015 ታትሟል። የተስተካከለ ምግብ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የደም ግፊትና የመሳሰለው ክትትል በአንድነት የተሰጣቸው፣ ተራ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው የተሻለ የአእምሮ ውጤት አግኝተዋል። እንግዲህ አንድ ብቻውን የሚያድን መድኃኒት ባይገኝም ብዙ ትንንሽ ነገሮች ሲተባበሩ ይሠራሉ። የጎልማሶች የንባብ ክፍል፣ የቡና ስኒ ስኳርን ስለ መቀነስ፣ በእግር ስለ መሄድ፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ስለ መመርመር የሚያስተምር ከሆነ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያደርግ ይችላል።

ሠ/ በመምህራን ማሠልጠኛ፦ መምህርት ለብዙ ሰዓት ቆማ ብታስተምርም ቁጭ ብላ የምታርመው ደብተር ብዙ ነው። ዕድሜዋ ወደ 50 ሲጠጋ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ማድረግ ልማድ እንዲሆን፣ በተለይም በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር የታየባት ምርመራውን እንዳትዘነጋ፣ ከሥልጠናው ጊዜ ጀምሮ ቢነገራት ዕውቀቱ በእርሷ ብቻ ሳይቀር ወደ ተማሪዎቿ ቤት ይደርሳል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጸው፣ በአረጋውያን ሴቶች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የሚቆይ ኢንሱሊን ከማስታወስ ችሎታ መዳከም ጋር አብሮ እንደሚገኝ ያመለክታሉ። ኢንሱሊኑ ራሱ ምክንያት ይሁን ወይም የሌላ ችግር ምልክት ገና በሙሉ አልተለየም። የተለየው ነገር፣ ጉዳዩ በእርጅና ጊዜ የሚጀምር አለመሆኑ ነው። በ70 ዓመቷ ስም የምትዘነጋ እናት ታሪክ በ50 ዓመቷ የወገብ ልክ፣ በ30 ዓመቷ እርግዝና፣ በ7 ዓመቷ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት አለመግባቷ ውስጥ ክፍል አለው።

ስለዚህ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ፣ ሊሠራበት ይችል የነበረን ረጅም ዘመን እንደ መዝጋት ይቈጠራል። ሐኪም ዘመኑን ከመካከሉ ወይም ከመጨረሻው ሲያገኘው፣ መምህር ግን ከመጀመሪያው ያገኘዋል። በአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ የምትቀመጥን ልጃገረድ እስከ መጨረሻው ክፍል ማድረስ፣ እግረ መንገዱንም እናቷንና አያቷን የሚጠቅም ትክክለኛ ዕውቀት በእጇ መላክ፣ የትምህርት ሥራ ለእርጅና ዘመን የሚያበረክተው ከሁሉ የቀደመ አስተዋጽኦ ነው።